ስለ ፖርት ኤለን ውስኪ የሚወራውና እውነታው

ፖርት ኤለን የስኮትላንድ የውስኪ ፋብሪካ ነው። የሚገኘው አይላ በምትባለው ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ፣ ባሕሩ አፍ ላይ ነው። በ1983 ተዘጋ፤ በ2024 እንደገና ተከፈተ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት ስሙ ገንኖ አንዱ ጠርሙስ በሺዎች ፓውንድ ይሸጥ ጀመር። ስም ሲገን ደግሞ ወሬው አብሮ ይገናል።

"ውስኪው ስለማይረባ ነው የተዘጋው"

ፋብሪካ ተዘጋ ሲባል ወይ ከስሯል ወይ ምርቱ ተበላሽቷል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። የዚህ ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ ዲሲኤል የሚባል ግዙፍ ኩባንያ ነበር። በአይላ ብቻ ሦስት ፋብሪካ ነበረው፦ ላጋቩሊን፣ ኩል ኢላ እና ፖርት ኤለን። ሦስቱም ጭስ ጭስ የሚል ውስኪ ያመርቱ ነበር።

በ1960ዎቹ የውስኪ ገበያ ደርቶ ነበር። ፖርት ኤለን ያኔ ተስፋፋ፤ ሁለት የነበሩት የመዳብ ማንጠሪያዎቹ አራት ሆኑ። ኩል ኢላ ደግሞ ከነጭራሹ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠራ። በ1974 ሥራ ሲጀምር ስድስት ማንጠሪያ ነበረው።

ችግሩ ውስኪ ዛሬ ተሠርቶ ነገ አይሸጥም። በርሜል ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ ሲያመርቱ የተሳሳቱት ሂሳብ የሚታወቀው በጣም ዘግይቶ ነው። ነዳጅ ተወደደ፣ ኢኮኖሚው ተቀዛቀዘ፣ ጠጪውም ወደ ቮድካ አደላ። መጋዘኖቹ ግን በርሜል በበርሜል ሆነው ነበር። በ1983 ዲሲኤል መቀሱን አነሳ። ብሮራ፣ ሴንት ማግደሊን፣ ባንፍ፣ ዳላስ ዱ የሚባሉት የውስኪ ፋብሪካዎቹ፣ ሌሎችም በዚያው ዓመት ተዘጉ።

ከአይላዎቹ ሦስት የፖርት ኤለን ዕጣ ለምን እንዲህ ሆነ? ኩል ኢላ አዲስና ትልቅ ነው። ላጋቩሊን ለኋይት ሆርስ ድብልቅ ውስኪ የጀርባ አጥንት ነው። ፖርት ኤለን ትርፍ ሆነ፣ በቃ። ምክንያቱ ጣዕሙ አልነበረም።

"ድሮም ስመ ጥር ነበር"

አልነበረም። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ክፍት ሳለ ምርቱ ከሞላ ጎደል የሚሄደው ወደ ድብልቅ ውስኪ ነበር። በራሱ ስም ታሽጎ በመደበኛነት ሱቅ የሚገባ ጠርሙስ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ጆኒ ዎከር ሲጠጣ የኖረ ሰው ሳያውቀው ቀምሶት ይሆናል።

ዲሲኤል በ1986 በጊነስ ተገዛ። ጊነስ በ1997 ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ዲያጆ ሆነ። አዎ፣ ያው ከ2012 እስከ 2022 ሜታ ቢራን ይዞ የነበረው ዲያጆ። በ2001 ኩባንያው በ1979 የተመረተ የ22 ዓመት ፖርት ኤለን ለገበያ አወጣ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጥቂት ሺህ ጠርሙስ ብቻ ይለቅ ነበር። በርሜሉ እያለቀ ሄደ። የቀረው ዕድሜው ጨመረ። ዋጋውም ተተኮሰ።

ብዙዎቹ በርሜሎች ደግሞ ቀድሞ ተደጋግሞ ውስኪ የቆየባቸው፣ የእንጨታቸው ኃይል የደከመ ነበሩ። ለድብልቅ የታሰበ ስለነበር ማንም አልተጨነቀላቸውም። ያ ቸልተኝነት በጀው። እንጨቱ ሳይጫነው ጭሱና የባሕር ጠረኑ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላም ሳይጠፋ ቀረ። በእኔ ግምት ፋብሪካው ባይዘጋ ኖሮ ዛሬ ጥሩ፣ ግን ተራ ዋጋ ያለው ውስኪ ነበር።

"ሲዘጋ ሁሉም ነገር ቆመ"

የቆመው ማንጠሪያው ነው። እዚያው ጎን በ1973 የተሠራ ትልቅ የብቅል ፋብሪካ አለ፤ እሱ ሥራውን ቀጠለ።

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ሥራው አይገርመውም። ገብሱ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። እዚህ ገብሱ የሚበቅለው በሰባት ግዙፍ የብረት ሲሊንደሮች ውስጥ ነው። ሲሊንደሮቹ ቀስ እያሉ ይሽከረከራሉ። ካልተሽከረከሩ የበቀለው ሥር እርስ በርሱ ተጠላልፎ ምንጣፍ ይሆናል። ከዚያ ወደ ማድረቂያው ይገባል፤ ከሥሩ ፒት ይነዳል። ፒት ማለት ረግረግ ሜዳ ላይ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የዕፅዋት ብስባሽ ነው። ተቆርጦ ይደርቅና እንደ ኩበት ይነዳል። ጭሱ የሚያዘው ብቅሉ ገና እርጥብ ሳለ ነው። ከደረቀ በኋላ ቢያጨሱት ትርፉ ድካም ነው።

በ1987 የአይላና የጁራ ደሴት ውስኪ አምራቾች ከዚህ ብቅል ፋብሪካ ለመግዛት ተስማሙ። ስምምነቱ ፋብሪካውን ከመዘጋት አዳነው። ስለዚህ "ሞተ" በተባለባቸው ዓመታት የብዙ ጎረቤቶቹ ውስኪ ጭስ ይወጣ የነበረው ከፖርት ኤለን ግቢ ነው።

"ከ1825 እስከ 1983 ሳያቋርጥ ሠርቷል"

በ1825 መመሥረቱ ልክ ነው። መሥራቹ አሌክሳንደር ማካይ ግን ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ስም ያወጣለት ጆን ራምሴይ ነው። በ1830ዎቹ ተረከበው፤ ወደ አሜሪካም በቀጥታ ይልክ ነበር። ኋላ የፓርላማ አባል ሆኗል። ከ1930 ገደማ እስከ 1967 ፋብሪካው ዝግ ነበር። የ1983ቱ መዘጋት የመጀመሪያው አይደለም ማለት ነው።

"ጠርሙሱን ባስቀመጥኩት ቁጥር ያረጃል"

ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። በ2001 የታሸገው የ22 ዓመት ፖርት ኤለን ዛሬም የ22 ዓመት ነው። ዋጋው ሊጨምር ይችላል፤ ዕድሜው ግን ያው ነው።

"በ2024 የተከፈተው የድሮው ፋብሪካ ነው"

ስሙና ቦታው አዎ። የድሮዎቹ መጋዘኖችና የብቅል ማድረቂያው ሕንፃዎች ተርፈዋል። የማንጠሪያ ዕቃው ግን ከ1983 በኋላ ተነቅሎ ሄዷል። የአሁኖቹ ዋና ማንጠሪያዎች በድሮዎቹ ቅርፅ የተሠሩ አዲስ ናቸው። ከነሱ ሌላ ለሙከራ የሚያገለግሉ ትንንሽ ጥንድ ማንጠሪያዎች ተተክለዋል። በ2021 እንደገና የተከፈተው ብሮራ ይለያል። እዚያ የድሮዎቹ ማንጠሪያዎች ስላልተነሱ ተጠግነው ተመልሰዋል።

ሌላም ነገር አለ። በብሪታንያ ሕግ መጠጡ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ካልቆየ ስኮች ውስኪ አይባልም። ስለዚህ በ2024 የወጣው ምርት ስሙን ለማግኘት እስከ 2027 መጠበቅ አለበት። ከዚያ በፊት ፖርት ኤለን ተብሎ የሚሸጠው ስኮች ሁሉ በ1983 ወይም ከዚያ በፊት የተነጠረ ነው።