ዜሮ ሊኩዊድ ዲስቻርጅ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን በቴሌቪዥን አንድ ተንታኝ ስለ ሐዋሳው የጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲያወራ ሰማሁት። ፓርኩ «ዜሮ» ስለሆነ ብክለት የሚባል ነገር የለውም አለ። ሌላው ተንታኝ ወዲያው ተቃወመው። ይሄ ዜሮ የምትሉት ነገር ውድ ነው፣ ሌላ አገር እንዲህ አይደረግም፣ ከባንግላዴሽና ከቬትናም ጋር እንዳንፎካከር ያደረገን እሱ ነው አለ። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ አመሹ፤ የእኔም ሻይ ቀዘቀዘ። የሚጨቃጨቁበት ማሽን ምን እንደሚሠራ ግን አንዳቸውም አላነሱም። እንጀራዬ የፋብሪካ ፍሳሽ ማጣራት ስለሆነ ይህን ቃል ያለቦታው መስማት ለምጃለሁ። የዛሬው ግን በዛብኝ።

ቃሉ ሦስት ክፍል አለው፤ ዜሮ፣ ሊኩዊድ፣ ዲስቻርጅ። ከግቢው ወደ ውጭ የሚለቀቅ ፈሳሽ የለም ማለት ነው። አለቀ። ሰው ግን ዜሮ የምትለዋን ይሰማና ሊኩዊድ የምትለዋን ይዘላታል። ዜሮ የሆነው ፈሳሹ ነው እንጂ ቆሻሻው አይደለም።

ፍሳሹ መጀመሪያ አየር የሚነፋበት ገንዳ ይገባል፤ እዚያ ባክቴሪያ ቆሻሻውን ይበላል። ስለ እሱ ብዙ አላወራም። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥጥ ሲቀለም ጨው ይፈልጋል። ሪአክቲቭ በሚባሉት ቀለሞች ሲሠራ፣ ቀለሙን ከውሃው ወደ ጨርቁ የሚገፋው ጨው ነው። እንደ ቀለሙ ድምቀት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ግራም ሊገባ ይችላል። ጨርቁ ቀለሙን ይይዛል፤ ጨዉን ግን አይይዝም። የገባው ሁሉ ታጥቦ ይወጣል። ባክቴሪያም ጨው አይበላም። ስለዚህ ከገንዳው የሚወጣው ውሃ ጥርት ብሎም ጨዋማ ነው። ለጎብኚ በብርጭቆ ቀድተው የሚያሳዩት ንጹህ የሚመስል ውሃ ለእኔ ምንም አይነግረኝም። ጨው በዓይን አይታይም።

ቀጥሎ ውሃው በከፍተኛ ግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ ያልፋል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚሉት ይህን ነው። ጥሩው ውሃ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ጨዉ ጥቂት ውሃ ውስጥ ታጭቆ ይቀራል። አረቄ ማውጣቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አረቄ ያልኩት በቀልድ አይደለም። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ ሻሸመኔን አልፋችሁ አርሲ ነገሌ ትደርሳላችሁ። አረቄዋ ስም ያለው ነው። ድፍድፉ ማሰሮ ውስጥ ይጣዳል፤ ይፈላል። እንፋሎቱ በመቃ ሄዶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተነከረ ዕቃ ይጠራቀማል። ማሰሮው ውስጥ የቀረው አተላ ነው። የእኛም ማሽን ይህንኑ ነው የሚሠራው። ጨዋማውን ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መልሶ ውሃ ያደርገዋል፣ ከሥር ጨው ይቀራል። ኢቫፖሬተር ብለን ስሙን አከበድነው እንጂ ሥራው ያው ነው።

እንግዲህ አርሲ ነገሌ ሄዳችሁ አረቄ አውጪዋን «እማማ፣ የእርስዎ ቤት ዜሮ ነው፤ ምንም አይተርፈውም» ብትሏት ትስቅባችኋለች። አተላውስ? እሷ አተላዋን ለከብት አድላቢ ትሰጣለች። የእኛን አተላ የሚበላ በሬ ግን የለም።

ስንት ይሆናል? ለስሌት ያህል ከማጠቢያና ከሌላ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ በሊትር 5 ግራም ጨው ያለው ፍሳሽ እንውሰድ። 1 ሚሊዮን ሊትር ሲታከም 5 ቶን ጨው ይወጣል። የሐዋሳው ማጣሪያ የተሠራው በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር እንዲችል ነው። (መቻልና በየቀኑ ያን ያህል መሥራት ለየቅል ነው፤ የአቅም ቁጥርን እንደ ምርት ቁጥር የሚጠራ ዘጋቢም አለ፤ እሱ ሌላ ንዴት ነው።) ጨዉ ተለይቶ ሶዲየም ሰልፌት የሚባለው ንጹህ የማቅለሚያ ጨው ሆኖ ከወጣ ወደ ማቅለሚያው ተመልሶ ይገባል። ከሌላ ጨው ጋር ተደባልቆ ከወጣ ግን የሚፈልገው የለም። ጆንያ ውስጥ ገብቶ ጣራ ሥር ይከመራል።

ለዚህ ነው ማጣሪያ ስጎበኝ ኮምፒውተሩ ጋ ቀድሜ የማልሄደው። የጨው መጋዘኑን ጣራ ነው የማየው። ስሙን የማልጠራው አንድ ግቢ ውስጥ በክረምት ገብቼ፣ ቆርቆሮው ያፈስ ነበር። ታች ያሉት ጆንያዎች ረጥበዋል። ከግድግዳው ሥር ነጭ መስመር ወጥቶ እስከ ዝናብ ውሃ ቦዩ ድረስ ሄዷል። ውስጥ ስክሪኑ ላይ የፍሳሹ መጠን ዜሮ ይላል። ስክሪኑ አልዋሸም፤ ቆጣሪው የተገጠመው ቦዩ ላይ ስላልሆነ ነው።

ታዲያ ሐዋሳ ላይ ለምን ተመረጠ? ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። አብዛኛው ውሃ የሚሄደው ወደ ላይ ነው፣ እየተነነ። ሐይቁ ራሱ በፀሐይ የተጣደ ትልቅ የአረቄ ማሰሮ ነው። የገባበት ጨው እዚያው ይጠራቀማል። እርግጥ የሥነ ምድር ሰዎች እዚህ ላይ እጃቸውን ያወጣሉ። ከሥር ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርግ ውሃ አለ፤ የሐዋሳ ውሃ እንደ ሻላ ሐይቅ ያልመረረውም በዚህ ነው። ልክ ናቸው። ግን ቀለም ቤት (የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ) በየቀኑ ጨው ቢጭንበት ያ ስርገት ይችለዋል ብዬ አልወራረድም። አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ አሳውን ሲበላ የሚውለውም ቢሆን የሚወራረድ አይመስለኝም።

ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ውሳኔው ልክ ነበር። ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ዜሮ ይሁን ማለት አይደለም። የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ ባክቴሪያ የሚወደው ነው። ባዮጋዝ ይወጣዋል፤ ከዚያ በአግባቡ ታክሞ ሊለቀቅ ይችላል። እሱን እስከ መጨረሻው ማፍላት ማገዶ ማባከን ነው።

የማገዶ ነገር ከተነሳ ወደ ሁለተኛው ሰውዬ ልምጣ። ዋጋን በተመለከተ የተናገረው ሁሉ ሐሰት አይደለም። 1 ሜትር ኪዩብ ውሃ አፍልቶ ለመጨረስ ከ600 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይጠይቃል። የአንዱን ማሰሮ እንፋሎት ለሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ለሦስተኛው ማገዶ በማድረግ ይቀነሳል፤ ቢሆንም ውድ ነው። በሽፋን ማጣራት ግን በጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ያልቃል። ስለዚህ ሒሳቡ ሁሉ የሚወሰነው ማሰሮው ጋ በሚደርሰው ውሃ መጠን ነው።

ሌላ አገር እንዲህ አይደረግም ያለው ግን ስህተት ነው። በደቡብ ህንድ ቲሩፑር የሹራብና የቲሸርት ከተማ ነች። የቀለም ቤቶቿ ጨው ኖያል የሚባለውን ወንዝ አበላሸው፤ ገበሬዎች ከሰሱ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2011 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዜሮ ያልሆኑትን ይዘጉ ብሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀለም ቤቶች ተዘጉ። ጭንቅ ነበር። የክልሉ መንግሥት ለጋራ ማጣሪያዎቹ ከወለድ ነፃ ብድር ሰጠ። ዛሬም ከተማዋ ከህንድ የሹራብ ልብስ ኤክስፖርት ማዕከልነቷ አልወረደችም። የተደባለቀ ጨው በጆንያ ተከምሮ መቀመጡም እዚያ የታወቀ ራስ ምታት ነው፤ ተረት አልነግራችሁም። የሐዋሳውን ማጣሪያ ያቀረበውም አርቪንድ ኤንቪሶል የተባለ የህንድ ኩባንያ ነው።

ደግሞስ ሐዋሳ ያሉት አብዛኞቹ ሼዶች የሚሠሩት ምንድን ነው? ቆርጦ መስፋት። ስፌት የማቅለሚያ ውሃ አይፈልግም፤ ከስፌት ሼድ የሚወጣው የሽንት ቤትና የካፍቴሪያ ውሃ ነው። ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ስትወጣ ግን እያንዳንዱ የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ 16.5 በመቶ ቀረጥ ተጨመረበት። ፉክክሩን ምን እንደመታው ለማወቅ ከማጣሪያው በፊት ይህን ቁጥር ማየት ነው።

ማጣሪያው እውነተኛ የፉክክር ጥያቄ የሚያስነሳው ሼዶች ባዶ ሲሆኑ ነው። ተከራይ ቢሄድም ሽፋኑ እንዳይደርቅ ውሃ ይፈልጋል፤ ኦፕሬተሩ ደሞዝ ይፈልጋል። ለአንድ ጠርሙስ አረቄ ማሰሮውን ሙሉ እንደማንደድ ነው። ያ ወጪ ለቀሩት ከተካፈለ የአንድ ሜትር ኪዩብ ዋጋ ይንራል። ማን ይሸፍነው የሚለው የታሪፍ ጉዳይ ነው፤ በቴሌቪዥን ሲከራከሩበት ብሰማ ደስ ባለኝ። አልሰማሁም።

ሌላው ያልተነሳ ነገር ማቅለሚያ ክፍሉ ራሱ ነው። አንዳንዱ የማቅለሚያ ማሽን 1 ኪሎ ጨርቅ ለማቅለም 10 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ የተሻለው በ6 ሊትር ይጨርሰዋል። ጨው የሚለካው በሊትር ነው። በሊትር 60 ግራም ብንል፣ የመጀመሪያው 600 ግራም ጨው ያስገባል፤ ሁለተኛው 360። በእያንዳንዱ ኪሎ ጨርቅ ላይ 240 ግራም ጨው አይገዛም፣ 4 ሊትር ውሃ አይሞቅም፣ ያን ያህል አተላም ማሰሮው ጋ አይደርስም። ይህን የሚያሰላው ሰው የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ውስጥ አይደለም የሚቀመጠው። ማቅለሚያው ውስጥ ቦት ጫማ አድርጎ፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኖ፣ የጨው ጆንያ እየቆጠረ ነው።