የድንጋይ ካባ መዝጊያ ወጪ በአዋጭነት ጥናት ላይ ለምን ያንሳል?

ኮምቦልቻ ዙሪያ የድንጋይ ካባ ለመክፈት የተነሳ ባለሀብት የአዋጭነት ጥናቱን ሲያገላብጥ «የተጣራ የአሁን ዋጋ» የሚል መስመር ያገኛል። ወደፊት የሚገባውና የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ በዛሬ ዋጋ ተሰልቶ ሲቀናነስ ማለት ነው። ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ሥራው ያዋጣል ይባላል።

ጣጣው ያለው ካባው በሚዘጋበት በመጨረሻው ዓመት ላይ ነው። ገደሉን በእርከን ማስተካከል፣ አፈር መመለስ፣ ችግኝ መትከል፣ ጎርፍ ደለል ይዞ ቦርከና ወንዝ እንዳይገባ ቦይ መቀየስ አለ። ይህ ሁሉ ከ20 ዓመት በኋላ 100 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። በ12 በመቶ የቅናሽ ምጣኔ (የወደፊት ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ ለየዓመቱ የሚታሰበው መቶኛ) የዛሬ ዋጋው 10.4 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ጥናቶችን የሚያበላሸው ግን 100 ሚሊዮኑን በዛሬው የናፍጣና የጉልበት ዋጋ ገምቶ እዚያው መተው ነው። ወጪው በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምር ያን ጊዜ 673 ሚሊዮን ይደርሳል፤ የዛሬ ዋጋውም ወደ 70 ሚሊዮን ያሻቅባል። ያዋጣል የተባለው ካባ እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ምጣኔው የዋጋ ንረትን ካካተተ ወጪውም የግድ ማካተት አለበት።

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ለመሬቱ መልሶ ማገገሚያ ገንዘብ መመደብን ስለሚጠይቅ፣ ምደባው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪ ጋር ይግባ። የላይኛውን አፈር ደግሞ ቁፋሮው ሲጀመር ለብቻው ማከማቸት ያስፈልጋል፤ ከጠጠር ጋር ከተደባለቀ በኋላ ሌላ አፈር ገዝቶ በገልባጭ መኪና ማመላለስ ይመጣል፣ ይህም በጥናቱ ውስጥ የሌለ ወጪ ነው።