ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው የራሱ ገጠመኝ ትዝ ሲለው ነው። «ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል እንዲሉ፣ እኔም አንድ ቀን...» ብሎ ይቀጥላል። አንዱ ወሬ ሌላውን ይጠራል ማለት ነው። ቃላቱን ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን ከዚህ በላይ ይዘዋል።

በአማርኛ ሕፃናት የሚሯሯጡበትም፣ አዋቂዎች ተቀምጠው የሚያወጉትም ያው «ጨዋታ» ነው። እንግዶቿ ዝም ካሉባት የቤቱ እመቤት «ኧረ ተጫወቱ!» ትላለች። ወግ የሚችል ሰው «ጨዋታ አዋቂ» ይባላል። ጨዋታ ደግሞ መላሽ ይፈልጋል። እንቆቅልሽን አስቡት። አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል፣ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበለዋል። መልሱ ከጠፋበት አገር ይሰጣል። የልጅነት ጨዋታችን በጥያቄ ነበር የሚጀመረው።

«ያነሳዋል» የሚለውም ደስ ይለኛል። ወሬ እናነሳለን፣ የወደቀ ሰውም እናነሳለን። የወደቀ ጨዋታን ለማንሳት ደግሞ ጥሩ ጥያቄን የሚያህል አላየሁም።

«እንዴት ዋላችሁ? ቤተሰብ ደህና?» ስንባባል መልሱ «ይመስገን» ነው። ሰላምታ ክብር ነውና አይቅር፤ ግን እዚያው ላይ ያልቃል። «ደሞዝህ ስንት ደረሰ?»፣ «አንቺስ መቼ ነው የምታገቢው?» የሚሉት ደግሞ የቆመውንም ጨዋታ ይጥሉታል።

በቀደም ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ ተቀድቷል፣ ሁላችንም ስልካችን ላይ አቀርቅረናል። አንዲት ወጣት ፈንዲሻ የቀረበበትን ስፌት ጠርዝ በጣቷ ዳሰስ አደረገችና «እማማ፣ ይሄን የሰፉት እርስዎ ነዎት? እንዲህ እኩል አድርጎ መስፋት ማን አስተማረዎት?» አለቻቸው።

እማማ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። ያስተማረቻቸው አክስታቸው ናት። ስንደዶው እንዴት እንደሚያዝ፣ አክርማው ቀለም ተነክሮ እንዴት እንደሚጠመጠምበት፣ ወስፌው የት ላይ እንደሚገባ በባዶ እጃቸው እየሰፉ አሳዩን። አንድ ዙር ከተጣመመ አክስትየው ሁሉንም ታስፈታቸው ነበር። ይሄን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ፊታቸው ግን ፈክቷል።

ልጅቷ «ስፌቱ ያምራል» ብቻ ብትል ኖሮ እማማ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዝም ይሉ ነበር። እሷ ግን እጃቸውን አየች። ሙያቸውን አክብራ፣ ከጀርባው ያለችውን ሰው ጠየቀች። ምስጋና ለመቀበል የሚያፍር ሰው እንኳ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ብሎት ይናገራል። እኔ እዚያ ቤት ስንት ዓመት ቡና ስጠጣ ያን ስፌት አንድ ቀን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

ቶናው ላይ ሌሎቹም የየእናቶቻቸውን እያነሱ ቤቱ ሞቀ። በረካው ሲቀዳ እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ የኔ ልጅ፣ እናትህ በእጃቸው ከሠሩት ቤትህ ያኖርከው ምን አለ?»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩና፣ እናቴ ጥጡን ራሷ ፈትላ ስላሠራችልኝ ጋቢ ማውራት ጀመርኩ።