ፐርስፔክቲቭ ምንድን ነው? የሚወስነውስ ሌንሱ ነው ወይስ የቆምንበት ቦታ?

ፎቶግራፍ ማንሳት የጀመረ ሰው «ፎቶዎቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ፤ ቅንብሬን እንዴት ላሻሽል?» ብሎ ሲጠይቅ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ በጣም ያሳስበኛል። እሱም «ቴሌፎቶ ሌንስ (ዕይታውን አጥብቦ ሩቅ ያለውን የሚያጎላ ሌንስ) ግዛ፤ ፐርስፔክቲቩን ይለውጥልሃል፣ የኋላውንም ጨምቆ ወደ ፊት ያመጣልሃል» የሚለው ነው። ሰሞኑን ደግሞ ጀማሪዎችን የሚያስተምሩ አንድ ባለሙያ ይህንኑ በልበ ሙሉነት ሲያስረዱ ሰማሁ። ያሳዩአቸው ፎቶዎች ያማሩ ነበሩ፤ ማብራሪያቸው ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱም ተማሪውን ያለ ጊዜው ገንዘብ ከማስወጣቱ በላይ፣ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባውን ነገር ያስዘለዋል።

ፐርስፔክቲቭ ማለት በተለያየ ርቀት ላይ ያሉ ነገሮች ከአንድ ቦታ ሲታዩ እርስ በርሳቸው የሚኖራቸው የመጠንና የአቀማመጥ ዝምድና ነው። የትኛው ገዝፎ የትኛው አንሶ እንደሚታይ፣ የትኛው የትኛውን እንደሚጋርድ፣ በመካከላቸውም ምን ያህል ክፍተት እንደሚኖር ሁሉ በዚህ ውስጥ ይጠቃለላል። ይህን ዝምድና የሚወስነው ካሜራው ያለበት ቦታ ብቻ ነው። የሌንሱ ድርሻ ከዚያ ቦታ ከሚታየው ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ፎቶው እንደሚገባ መወሰን ነው። ቃሉን «አተያይ» ወይም «ዕይታ» እያልን መመለሳችን ብዥታውን ሳያባብሰው አልቀረም፤ ሁለቱም ቃላት አመለካከትንና አስተሳሰብንም ስለሚገልጹ ብዙዎች ፐርስፔክቲቭን የአንሺው ስሜት ወይም የሌንሱ ጠባይ አድርገው ይወስዱታል። እኔ እዚህ የምናገረው ግን በሜትር ስለሚለካው ነው።

አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት እናስብ። ከፊቱ አጥር፣ ከአጥሩ ኋላ ዛፍ፣ ከዛፉ ኋላ ደግሞ ቤት ይታየዋል። መጋረጃውን ሳብ አድርገን መስኮቱን ብናጠበው ዛፉና የጣሪያው ቁራጭ ብቻ ይቀራሉ፤ ብንገልጠው ቤቱ በሙሉ ይታያል። ነገር ግን ዛፉ ከጣሪያው ላይ የጋረደው ክፍል መጋረጃው ቢጠብም ቢሰፋም ቅንጣት ታህል አይለወጥም። እንዲለወጥ ከተፈለገ ሰውየው ከወንበሩ መነሣት አለበት። ሌንሱ መጋረጃው ነው፤ ካሜራው ያለበት ቦታ ደግሞ ወንበሩ ነው። ቴሌፎቶ ሌንስ መጋረጃውን አጥብቦ፣ በቀረው ክፍተት የሚታየውን ፎቶው እስኪሞላ ድረስ ያጎላዋል። የመስኮቱ መስታወት ጠርዙ ላይ የተወላገደ ከሆነ በዚያ በኩል የሚታየው አጥር ጎብጦ ይታያል፤ የሌንስ መዛባት የምንለው ይህ ሲሆን፣ የመስታወቱ እንጂ የወንበሩ ጉዳይ አይደለም። ምሳሌው የሚከዳን አንድ ቦታ አለ። በቤቱ ውስጥ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ብናስጠጋ የሚታየው ይሰፋል፤ ካሜራ ይዞ የሚራመድ ሰው ግን መስኮቱንም ይዞት ስለሚሄድ የዕይታው ስፋት አይለወጥም።

ነገሩ ከፎቶግራፍ በፊትም የታወቀ ነው። የጣሊያኑ የሕንፃ ባለሙያ ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የፍሎረንስን የመጥመቂያ ቤት በሣለበት ሰሌዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ፣ ተመልካቹ ከሰሌዳው ጀርባ ሆኖ በቀዳዳዋ በኩል ሥዕሉን ከፊት በተያዘ መስታወት ውስጥ እንዲያየው አድርጎ ነበር። ቀዳዳዋ ያስፈለገችው የተመልካቹን ዓይን በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ለማቆም ነው፤ ሥዕሉ ከእውነተኛው ሕንፃ ጋር የሚገጥመው ከዚያች ነጥብ ሲታይ ነበርና።

ወደ ባለሙያው ማስረጃ ልመለስ። ሁለት ፎቶዎች አሳዩ፤ አንዱ በ24 ሚሊሜትር፣ ሌላው በ120 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት የተነሡ ናቸው፤ ይህ የሌንስ ቁጥር በጨመረ መጠን ዕይታው ይጠባል፣ የሚታየውም በዚያው ልክ ይጎላል። በሁለቱም የቆመው ሰው እኩል ቁመት አለው፤ በሁለተኛው ግን ከኋላው ያለው ዛፍ በጣም ገዝፏል። ዛፉ መግዘፉ እውነት ነው። ያልተነገረው፣ ሰውየውን በሁለቱም ፎቶ እኩል ለማድረግ ካሜራው 5 እጥፍ ወደ ኋላ መራቁ ነው። መጀመሪያ ከሰውየው 2 ሜትር ርቀን ከነበረ አሁን 10 ሜትር ርቀናል ማለት ነው። ዛፉ ከሰውየው ኋላ 8 ሜትር ላይ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ፎቶ ሰውየው በ2፣ ዛፉ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ናቸው፤ የዛፉ ርቀት የሰውየው 5 እጥፍ ነው። በሁለተኛው ሰውየው በ10፣ ዛፉ በ18 ሜትር ላይ ናቸው፤ የዛፉ ርቀት 2 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዛፉ ከሰውየው አንጻር 2.8 እጥፍ ያህል አደገ። ያሳደገው ወደ ኋላ የሄደው እግር ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ከ10 ሜትሩ ቦታ ሳይነቃነቁ በ24 ሚሊሜትር አንስቶ የፎቶውን መሃል መቁረጥና ማጉላት በቂ ነው፤ ሰውየውና ዛፉ በ120 ሚሊሜትሩ ፎቶ ላይ ባላቸው መጠንና አቀማመጥ ይገኛሉ። ጥራቱ ግን እኩል አይሆንም፤ በዚህ አቆራረጥ ከፎቶው የገጽ ስፋት 25ኛው እጅ ብቻ ስለሚቀር የ25 ሜጋፒክስል ፎቶ ወደ 1 ሜጋፒክስል ይወርዳል። የዳራው ድብዘዛም ይለያያል። ቴሌፎቶ ሌንስ ዋጋ ያለው ለእነዚህ ምክንያቶች ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ።

ስለ «መጨመቅ» የሚናገሩ ሰዎች ግን ከባዶ ተነሥተው እንደማይናገሩ መቀበል ይገባል። በ24 ሚሊሜትር የተነሣ የሙሉ ፍሬም ካሜራ (ብርሃን ተቀባይ ሴንሰሩ 36 ሚሊሜትር ጎን ያለው ካሜራ) ፎቶ 10 እጥፍ ጎልቶ ሲታተም ጎኑ 36 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ፐርስፔክቲቩ ተፈጥሯዊ ሆኖ እንዲታይ ዓይናችን ከ24 ሴንቲሜትር ርቀት ሊያየው ይገባል። በ120 ሚሊሜትር የተነሣው ደግሞ በዚያው መጠን ሲታተም ከ120 ሴንቲሜትር ርቀት መታየት አለበት። እኛ ግን ሁለቱንም ከ50 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት እናያቸዋለን። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥልቀቱ የተለጠጠ፣ ሁለተኛው የተጣበቀ ይመስለናል። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን ፎቶውን የምናይበት ርቀት ነው።

ይህ ሁሉ ለጀማሪው ምን ይፈይዳል? አንዲት ተማሪዬ ጓደኛዋን አቁማ ስታነሣ የመብራት ምሰሶ ከጓደኛዋ ራስ ላይ የበቀለ ይመስል ነበር። ለማስወገድ ዙም አደረገች፤ ምሰሶው ከፊቷ ጋር አብሮ ጎላ። ዙሙን መለሰችው፤ ምሰሶው አሁንም ከአናቷ መሃል እንደተነሣ ነው። ካሜራውን ከዓይኗ ሳታወርድ 30 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ቀኝ እንድትል ነገርኳት። ጓደኛዋ በ2 ሜትር ርቀት ላይ፣ ምሰሶው ደግሞ ከጓደኛዋ ኋላ 4 ሜትር ላይ ስለነበር፣ ያቺ ግማሽ እርምጃ በጓደኛዋ ራስ በኩል የሚያልፈውን የዕይታ መሥመር ምሰሶው ባለበት ቦታ ላይ በ60 ሴንቲሜትር አራቀችው። ምሰሶው ከራሷ ተላቅቆ በፎቶው ቀኝ በኩል ከትከሻዋ በላይ ለብቻው ቆመ። ተማሪዋ ካሜራውን አውርዳ መሬቱን፣ ከዚያም ጫማዋን ተመለከተች፤ ወዲያው ወደ ግራም፣ ወደ ፊትም መሞከር ጀመረች።

ከፍታም እንዲሁ ነው። በሜዳማ ቦታ ላይ የአድማሱ መሥመር ሁልጊዜ በካሜራው ከፍታ ልክ ያልፋል። ቆመን ካሜራውን በ1.5 ሜትር ከፍታ ስንይዝ፣ እኩያችን የሆነ ሰው አንገቱ አካባቢ በአድማሱ ይቆረጣል፤ ተንበርክከን ወደ 80 ሴንቲሜትር ስንወርድ ግን አድማሱ ወደ ወገቡ ወርዶ ራሱና ትከሻው በሰማዩ ላይ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ይህን ለውጥ የትኛውም ሌንስ አያመጣውም። «የስልኬ ሌንስ አፍንጫዬን ያተልቀዋል» ለሚሉም መልሱ ያው ነው። ጆሮ ከአፍንጫ ጫፍ 12 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ቢርቅ፣ ስልኩ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ሲያዝ አፍንጫ ከጆሮ አንጻር 40 በመቶ ገዝፎ ይታያል፤ በ1.5 ሜትር ሲሆን ጭማሪው 8 በመቶ ብቻ ነው።

እግር የማይረዳበት ሁኔታም አለ። ከሁለት ተራሮች አንዱ በ5፣ ሌላው በ6 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ሲሆኑ 100 ሜትር ወደ ፊት ብንሄድ የርቀታቸው ንጽጽር ከ1.2 ወደ 1.204 ገደማ ይለወጣል፤ ይህን ዓይን አይለየውም። ወደ ጎን መራመድ አንዱን ከሌላው ጥቂት ሊያላቅቅ ይችላል፤ የሁለቱ መጠን ግን ባለበት ይቆያል። እንዲህ ባለ ቦታ ቅንብሩን በአብዛኛው የምንሠራው በማጥበብና በማስፋት ስለሆነ፣ የባለሙያው ምክር ይጠቅማል፤ ጀማሪው ሌንስ ቢገዛም ለዚህ ሥራ ይግዛው።