ብዙ የጌም ሰርቨር በአንድ ማሽን፦ የጋራ ፋይል አሠራር

አንድ ማሽን ላይ አራት የካውንተር ስትራይክ ሰርቨር ለማስነሳት ጌሙን አራት ጊዜ ማውረድ አያስፈልግም። ማፑ፣ ድምፁ፣ ሞዴሉና ዋናው ፕሮግራም ለአራቱም ያው ነው። የሚለየው ጥቂት ነገር ነው፦ የሰርቨሩ ስም፣ ፖርቱ (ተጫዋቾች ሰርቨሩን የሚያገኙበት የመግቢያ ቁጥር)፣ የአድሚን ፓስወርዱ፣ የማፕ ተራው፣ የታገዱ ተጫዋቾች ዝርዝርና ሎጉ (የክንውን መዝገቡ)። ትልቁን ክፍል አንድ ቦታ አኑሮ ትንሹን ለየሰርቨሩ መለየት ነው የጋራ ፋይል አሠራር የሚባለው። ከዲስክ ይቆጥባል፣ አፕዴትም አንዴ ብቻ ይወርዳል። የኢንተርኔት ፓኬጅ ዋጋ የሚያውቅ ሰው የሁለተኛውን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩዌክ የጣለው መሠረት

ጌም ሠሪው ኩባንያ ኢድ ሶፍትዌር በ1996 ኩዌክ የተባለውን የተኩስ ጌም ሲያወጣ ሰርቨሩንና ተጫዋቹን ለያይቶ ነው የሠራው። ሰርቨሩ ስክሪንም ግራፊክስ ካርድም ሳይፈልግ ብቻውን ይሮጣል። የጌሙ ፋይሎች ፓክ በሚባሉ ጥቅሎች ታስረው ኢድ1 በሚባለው ፎልደር ይቀመጣሉ። ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ጭማሪ) የሚጭን ሰው ኢድ1ን አይነካም። አጠገቡ ሌላ ፎልደር ይከፍታል፤ ሰርቨሩን ሲያስነሳም የዚያን ፎልደር ስም ይሰጠዋል። ሰርቨሩ ፋይል ሲፈልግ መጀመሪያ የሞዱን ፎልደር ያያል፣ እዚያ ካጣ ወደ ኢድ1 ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ዘዴዎች የዚህችው ቅደም ተከተል ልጆች ናቸው።

በ1999 የወጣው ኩዌክ 3 አሬና አንድ እርምጃ ጨመረ፤ እርምጃዋም ትልቅ ናት። ፋይል የሚነበብበትንና ፋይል የሚጻፍበትን ቦታ በሁለት ስም ለያቸው። ቤዝፓዝ የሚባለው ዋናው ጌም ያለበት ነው። ሆምፓዝ የሚባለው ደግሞ ሰርቨሩ የራሱን ነገር የሚጽፍበት ነው። ሲያነብ ሆምፓዝ ይቀድማል፤ ሲጽፍ ግን ሆምፓዝ ላይ ብቻ ይጽፋል።

በተግባር እንዲህ ነው። ከ450 ሜጋባይት በላይ የሆነው ፓክ0 የሚባለው ጥቅል አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ሌላ የሊኑክስ አካውንት ነው፣ ሰርቨሮቹ የማንበብ ፈቃድ ብቻ አላቸው። የመጀመሪያው ሰርቨር በፖርት 27960 የአንድ ለአንድ ግጥሚያ ያስተናግዳል። ሁለተኛው በ27961 የባንዲራ ነጠቃ፣ ሦስተኛው በ27962 ሁሉም ለራሱ የሚተኩስበትን። እያንዳንዱ የራሱ ሆምፓዝ አለው፤ ኮንፊጉም (የሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይል) የጨዋታ ሎጉም እዚያው ነው። አንዱ ሰርቨር በተንኮለኛ ሰው እጅ ቢወድቅ እንኳ ዋናውን ፋይል መንካት አይችልም። በዚህ ጸሐፊ ግምት እስከ ዛሬ ከዚህ የጠራ አከፋፈል ይዞ የመጣ የጌም ኢንጂን (ጌሙን የሚያንቀሳቅስ መሠረታዊ ፕሮግራም) የለም። ኮዱ በ2005 በነጻ ፈቃድ ሲለቀቅ አከፋፈሉም አብሮ ወጣ፣ በኮዱ ላይ የተገነቡ ጌሞችም ወረሱት።

የሃፍ ላይፍ ዘመን

በ1998 የወጣው ሃፍ ላይፍ ኢንጂኑን ያሳደገው ከኩዌክ ኮድ ነው። ስለዚህ የፎልደር ቅደም ተከተሉን ወረሰ። ቫልቭ የሚባል ዋና ፎልደር አለ፣ በጎኑ ሲስትራይክ፣ ዲኦዲና ቲኤፍሲ ይቀመጣሉ። በአንድ ጭነት ብቻ ካውንተር ስትራይክ፣ ዴይ ኦፍ ዲፊትና ቲም ፎርትረስ ክላሲክ ይነሳሉ።

ጣጣው የሚመጣው ሁለት ካውንተር ስትራይክ ሲያስፈልግ ነው። እዚህ ሆምፓዝ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም አንድ ፎልደር ላይ ያነባሉ፣ እዚያው ላይም ይጽፋሉ። ኮንፊጉ ቀላል ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ የትኛውን የኮንፊግ ፋይል እንዲያነብ፣ የትኛውን የማፕ ዝርዝር እንዲከተል ይነገረዋል። የእገዳው ዝርዝር ግን አስቸጋሪ ነው። አድሚን ሰው አግዶ ዝርዝሩን ሲያስቀምጥ ሰርቨሩ በራሱ ሜሞሪ ያለውን ዝርዝር በሙሉ ፋይሉ ላይ ይገለብጣል። ሌላኛው ሰርቨር ከዚያ በፊት ያስቀመጠው ይጠፋል። ትናንት ማታ በአንደኛው ሰርቨር የታገደው አጭበርባሪ፣ በሁለተኛው አድሚን ሌላ ሰው ሲያግድ ከፋይሉ ይወጣል፤ ሰርቨሩ ሲነሳ እየሳቀ ተመልሶ ይገባል።

ፖርቱም የራሱ ነገር አለው። የተለመደው 27015 ከተያዘ ሁለተኛው ሰርቨር ዝም ብሎ 27016ን ይይዛል። ደግ ነገር ይመስላል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ግን ማን ቀድሞ እንደሚነሳ አይታወቅም፤ ለውድድር የተዘጋጀው ሰርቨር የመለማመጃውን ፖርት ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ለየሰርቨሩ ፖርቱን በግልጽ ይጽፋል። ከሃፍ ላይፍ ኢንጂን ቀጥሎ በመጣው በሶርስ ኢንጂን ላይ ደግሞ የተሰጠው ፖርት ካልተገኘ ጨርሶ እንዳይነሳ የሚያስገድደውን ስትሪክትፖርትባይንድ ይጨምርበታል። የጨዋታ ማሳያው የሶርስ ቲቪ ፖርትም በተለምዶ 27020 ነውና እሱንም መለየት አለበት።

ፕለጊን (ሰርቨሩ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ፕሮግራም) የሚጽፉት ሰዎች ችግሩን ቀድመው ነው ያዩት። ለሃፍ ላይፍ የተሠራው ኤኤምኤክስ ሞድ ኤክስ የኮንፊግ ፎልደሩን ሰርቨሩ ሲነሳ መቀየር ያስችላል። ለሶርስ የተሠራው ሶርስሞድም ለእያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ፎልደር መስጠት ይችላል። ስለዚህ አንዱ ጭነት ላይ አንዱ ሰርቨር የዞምቢ፣ ሌላው ንጹህ የውድድር ሰርቨር ይሆናል።

ሲምሊንክና ኦቨርሌይ

ጌሙ ራሱ ካልረዳ አስተዳዳሪው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይበደራል። የቆየው መንገድ ሲምሊንክ፣ ማለትም ሌላ ቦታ ወዳለ ፋይል ወይም ፎልደር የሚጠቁም አቋራጭ ነው። ለየሰርቨሩ ባዶ ፎልደር ይከፈታል፤ ማፖቹ፣ ድምፆቹና ትልልቆቹ ጥቅሎች ወደ ዋናው ጭነት በሚያመለክት ሲምሊንክ ይገባሉ። ኮንፊጉ፣ ሎጉና የእገዳው ዝርዝር ግን እውነተኛ ፋይል ይሆናሉ። ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ በሲምሊንክ በኩል የተጻፈ ነገር የሚያርፈው ዋናው ፋይል ላይ ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ፕሮግራም ከየት እንደተነሳ ሲያጣራ ሲምሊንኩን ተከትሎ ዋናው ፎልደር ይደርሳል፤ ከዚያ የሰርቨሩን ኮንፊግ ትቶ የዋናውን ያነባል። ለዚህ ሲባል ማስነሻውን ፕሮግራም ኮፒ ማድረግ፣ ትልልቁን ዳታ ብቻ ማገናኘት የተለመደ ሆኗል።

ፎልደሮችን ደራርቦ እንደ አንድ የሚያሳየው ኦቨርሌይ ኤፍኤስ ወደ ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) የገባው በ2014 መጨረሻ፣ በቁጥር 3.18 ነው። የታችኛው ንብርብር የማይነካው ጌም ነው፣ የላይኛው የሰርቨሩ የራሱ። ሰርቨሩ ሁለቱን እንደ አንድ ፎልደር ያያቸዋል። የታችኛውን ፋይል ለመጻፍ ሲከፍተው ፋይሉ በሙሉ ወደ ላይ ይገለበጣል፣ ለውጡም እዚያ ይቀራል። ሲምሊንክ ይሻላል የሚሉ የድሮ ሰዎች አሉ፤ የት ምን እንዳለ በዓይን ይታያል ይላሉ። ያም ሆኖ አሥር ሰርቨር ላለው ሰው ኦቨርሌይ ያለ ጥርጥር የተሻለ ነው።

አፕዴት

አፕዴት ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የከርነሉ ሰነድ ኦቨርሌዩ ተጭኖ ሳለ የታችኛውን ንብርብር መቀየር አይፈቀድም፣ ውጤቱም አይታወቅም ይላል። ብዙ ሰው እየሮጠ ይቀይረዋል፣ ብዙ ጊዜም ያልፍለታል። ትክክለኛው መንገድ ሰርቨሮቹን ማቆም፣ ኦቨርሌዩን መንቀል፣ ስቲምሲኤምዲ በሚባለው የስቲም ማውረጃ ፕሮግራም ዋናውን ማደስ፣ ከዚያ ሁሉንም መልሶ ማስነሳት ነው።

ሌላው መዘዝ የተነካ ፋይል ነው። በ2023 የወጣው ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ፕለጊኖችን የሚያስነሳውን ሜታሞድ ለመጫን ጌምኢንፎ በሚባለው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ይጨመራል። ተራ ጭነት ላይ አፕዴት ሲመጣ ፋይሉ ወደ መጀመሪያው መልኩ ይመለስና ፕለጊኖቹ በሙሉ ዝም ይላሉ። በኦቨርሌይ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የተነካው ፋይል ከላይ ስለሚቀር አዲሱን ይሸፍነዋል፣ ሰርቨሩም በአሮጌ ፋይል ይቀጥላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አፕዴት በኋላ ያቺን መስመር አዲሱ ፋይል ላይ የሚጨምር አጭር ስክሪፕት ይጻፋል።

ራም

ፋይል መጋራት ራም ይቆጥባል ወይ የሚለው ብዙ ያከራክራል። በከፊል ይቆጥባል። ሊኑክስ ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ራም ላይ ስለሚያቆይ አራት ሰርቨር አንዱን ፋይል ቢያነብ የሚቀመጠው አንድ ቅጂ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ለራሱ የሚይዘው ሜሞሪ ግን አይጋራም። ሲፒዩም እንዲሁ፤ ሰው የሞላው ሰርቨር ጎረቤቶቹን ላግ ሊያስደርግ ይችላል።

ሌሎች ጌሞች

አርክ ሰርቫይቫል ኢቮልቭድ ለየሰርቨሩ የተለየ የሴቭ ፎልደር መስጠት ይችላል፣ ስለዚህ የተለያዩ ማፖች ከአንድ ጭነት ይነሳሉ። ማይንክራፍት ኮንፊጉንና ዓለሙን የሚፈልገው በተነሳበት ፎልደር ነው። አንዱን የፕሮግራም ፋይል ከተለያየ ፎልደር ማስነሳት ይቻላል፤ አንድን ዓለም ለሁለት ሰርቨር መስጠት ግን አይቻልም፣ የመቆለፊያ ፋይሉ ይከለክላል። በዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኤምኬሊንክ የሚባለው ትዕዛዝ የሲምሊንኩን ሥራ ይሠራል።