የካፋ ደን እንዴት ይተዳደራል

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ቦንጋ ከተማ ዙሪያ ያለው የካፋ ደን በአገራችን ከተረፉት ጥቂት ዝናባማ ደኖች አንዱ ነው። አረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው ከሚበቅልባቸው ጥቂት ቦታዎችም አንዱ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ካፋንና ያዩን፣ በ2004 ደግሞ ሸካን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል። አሠራሩ ቦታውን በሦስት ቀጠና ይከፍለዋል። ውስጠኛው አይነካም፤ ዙሪያው በልክ ይሠራበታል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል።

ይህ የቀጠና ክፍፍል ከመምጣቱ በፊትም ደኑ ሥርዓት ነበረው። ኮቦ ይሉታል። አባወራው በወረሰው የደን ይዞታ ቀፎውን ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ሌላ ሰው እዚያ ድርሽ አይልም። ማሩ የሱ ስለሆነ ዛፉ ሲቆረጥ ዝም ብሎ አያይም። በ1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ ግን የኮቦ ባለቤት በሕግ ፊት ቦታ አጣ። ከዚያ ሠፈራው መጣ፤ የሻይና የቡና እርሻውም ተስፋፋ። ደኑ ከየአቅጣጫው ተሸረፈ።

አሳታፊ የደን አስተዳደር ቦንጋ ላይ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ፋርም አፍሪካ በተባለ የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ ነው። ሽማግሌዎችና ባለሙያዎች ወሰኑን አብረው በእግር ይዞራሉ። ማኅበር ይቋቋማል፣ መተዳደሪያ ደንብ ይወጣል፣ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈረማል። አባላቱ ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይሰበስባሉ፤ ደኑን ይጠብቃሉ። የ2010ሩ የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም ለማኅበረሰብ ደን ዕውቅና ሰጥቷል።

ማንጆዎችን መርሳት አይቻልም። ድሮ በአደን የኖሩ፣ ጎረቤት ማዕድ የማይጋራቸው ሰዎች ናቸው። መሬታቸው ጠባብ ስለሆነ ብዙዎቹ ማገዶና ከሰል ይሸጣሉ። ደን ሲዘጋ ቀድሞ የሚጎዳው የእነሱ ጓዳ ነው። ማኅበር ውስጥ በስም መግባታቸው ብቻውን ምንም አይጠቅማቸውም፤ ስብሰባው ላይ መደመጥ አለባቸው።

እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ቡናው ነው። ገበሬው ከለቀማ በፊት ገጀራውን ይዞ ይገባና የቡናውን ሥር ያጸዳል። ሐረጉ፣ ቁጥቋጦው፣ የቀረሮና የዋንዛ ችግኙ አብሮ ይሄዳል። ትልልቆቹ ዛፎች ስለቆሙ ከላይ ላየው ደኑ ምንም አልሆነም፤ ሳተላይትም ቢሆን በቀላሉ አይለየውም። እነዚያ አርጅተው ሲወድቁ ግን ተተኪ የላቸውም። የቡና ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ምንጣሮው ይብሳል። ስለዚህ ዛፍ አትቁረጡ ማለት ብቻውን አይበቃም። በየሄክታሩ ስንት ችግኝ ሳይነካ እንደሚቀር ውሉ ላይ ቢሰፍር፣ ባለሙያውም ከምንጣሮው በኋላ ወርዶ ቢቆጥር፣ ዘበኛ ከማብዛት ይሻላል ባይ ነኝ።