ልብ ሰቀላ ምንድን ነው?

ልብ ሰቀላ አንባቢ መጽሐፉን እንዳይዘጋ የሚይዘው ጭንቀት ነው። አንድ ነገር ሊመጣ ነው። አንባቢው ምን ሊመጣ እንደሚችል በግማሽ ያውቃል። እንዳይመጣ ይፈራል፣ ወይም እንዲመጣ ጓጉቷል። መልሱ ግን ገና ነው። ያ የመጠበቅ ጊዜ ልብ ሰቀላ ይባላል። ወንጀል፣ ስለላና ማሳደድ የበዛባቸው ልብ ወለዶች በሙሉ የሚቆሙት በዚህ ላይ ነው።

ስሙን ትምህርት ቤት ከግጭት፣ ከንግር፣ ከምልሰትና ከጡዘት ጋር አብረን ሸምድደነዋል። ለፈተና ጽፈን አልፈነዋል። እንዴት እንደሚሠራ ግን ብዙም አልተነገረንም። እዚህ ድሬዳዋ የሚጽፉ ወጣቶች ረቂቃቸውን ሲያሳዩኝ ደጋግሜ የማየው ችግር ከዚሁ የሚመጣ ይመስለኛል። ሁሉም ነገር ተደብቋል። ሰውየው ማን እንደሆነ አይነገርም። ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ አይነገርም። ለምን እንደሚሮጡም አይነገርም። ጸሐፊው በደበቀ ቁጥር ልብ የሰቀለ ይመስለዋል። አንባቢ ግን ምኑንም የማያውቀውን ነገር ሊፈራ አይችልም። «አቦ ምንድን ነው የሚሆነው?» ይልና መጽሐፉን ያስቀምጠዋል።

እንግዲህ ልብ ሰቀላ የሚጀምረው ለአንባቢው በመንገር ነው።

የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ይህን በደንብ አስረድቶታል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ስለ ቦምቡ ካላወቀ፣ ሲፈነዳ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል። ቦምቡ እንዳለና በስንት ሰዓት እንደሚፈነዳ አስቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል። የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው። ሁለተኛው ልብ ሰቀላ ነው።

እስቲ ወደ ድሬ እናምጣው። ነጂብ የሚባል የባጃጅ ሹፌር አለ እንበል። ከሳቢያን ሰፈር አንድ ሰው ጭኖ ከዚራ፣ አንድ ሆስፒታል አጠገብ ያወርዳል። ከዚያው እህቱን ሀናንን ያሳፍራል። ትራፊክ ያስቆመዋል። ባጃጁ ሲፈተሽ ከኋላ ወንበር ሥር ሽጉጥ ይገኛል። ነጂብ ክው ይላል፣ አንባቢም አብሮት ክው ይላል። አለቀ። አንድ ገጽ አይሞላም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ተሳፋሪው ሽጉጡን ወንበሩ ሥር ሲሸጉጥ አንባቢው ይየው። ነጂብ አይይ። ከዚያ እንዲህ ይቀጥል፦

«ሀናን ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ነበር። ስምንት ወሯ ነው። ‹ቀስ ብለህ ንዳ፣ ወላሂ ወገቤን› አለችና ከኋላ ተደላድላ ተቀመጠች። ዘንቢሏን ወንበሩ ሥር ልትከት ጎንበስ አለች። አልገባ አላት። ገፋ አደረገችው። አንድ ብረት ነገር መለሰባት።

‹ምንድን ነው እዚህ ያጎርከው?›

‹ክሪክ ነው፣ ተይው› አለ ነጂብ። ከፊት ለፊት የቆመው ትራፊክ እጁን አነሳ።»

ምንም አልተፈጠረም። አንዲት ሴት ዘንቢሏን ማስቀመጥ አቃታት፣ በቃ። ነጂብ ግን «ክሪክ ነው» ሲል የሚያነበው ሰው መጮህ ያምረዋል። ብረቱ ምን እንደሆነ እሱ ያውቃላ! ሀናን እጇን ትንሽ ጠለቅ አድርጋ ብትሰድስ? ነፍሰ ጡር መሆኗም ዝም ብሎ አልገባም። ጉዳቱ የአንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን ነው። ማንም ለማያውቀውና ለማይወደው ሰው ልቡ አይሰቀልም። ስለዚህ ጸሐፊው ከሽጉጡ በፊት ነጂብንና ሀናንን ሊያስወድደን ይገባል። እኔ ብዙ ረቂቅ ላይ ጎድሎ የማገኘው ይሄ ነው። ገጸ ባህሪው ገና ስሙ ሳይለመድ ጥይት ይተኮስበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትራፊክ ምን ዓይነት ሰው ይሁን? አብዛኛው ጀማሪ ቁጡ ያደርገዋል። እኔ ደግ አደርገው ነበር። ቁጡ ትራፊክ መንጃ ፈቃድ ተቀብሎ፣ ሰድቦ ይሸኛል። ደግ ትራፊክ ግን ሀናንን ያያታል። «እህቴ፣ እግርሽን ዘርጊ እንጂ፣ ዘንቢሉን ላስተካክልልሽ» ይላል። ደግነቱ እጁን ወደ ሽጉጡ ይወስደዋል። ነጂብ ደግሞ ምንም ስለማያውቅ ያመሰግነዋል። ያንን ምስጋና አንባቢ እንዴት አድርጎ እንደሚያነበው አስቡት።

እዚህ ላይ ማዘግየት ይመጣል። መልሱን ቶሎ አትስጡ ይባላል፣ ልክ ነው። ግን ማዘግየት ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ድሬ ሙቀት መጻፍ አይደለም። እንደዚያ ሲሆን አንባቢ ገጽ ይዘላል። እያንዳንዱ መዘግየት ከአደጋው ወይ ሊያርቅ ወይ ሊያቀርብ ይገባል። የትራፊኩ ስልክ ይጠራል፣ ራቅ ብሎ ያነሳዋል። ትንሽ እንተነፍሳለን። ሀናን ደግሞ ዘንቢሉን እንደገና መግፋት ትጀምራለች።

አንድ ጥያቄ ከመዘጋቱ በፊት ሌላው መከፈቱም ግድ ነው። ትራፊኩ ሳያየው ቢያልፍ እሰየው፣ ተገላገልን። ግን በዚያው ምዕራፍ ያ ተሳፋሪ የባጃጁን ታርጋ ሲጽፍ አይተን ከሆነ መጽሐፉን አንዘጋም። በእነዚህ ትንንሽ ጥያቄዎች ሁሉ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ ጡዘት፣ ታሪኩ እስከሚከርበት ጫፍ፣ ይዘልቃል። ነጂብ ባልሠራው ወንጀል ይጠፋል ወይስ ይተርፋል?

መቼት፣ ማለትም ታሪኩ የሚፈጸምበት ቦታና ጊዜ፣ ራሱ ልብ ይሰቅላል። የእኛ ሰፈር ጸሐፊዎች በዚህ በኩል ብዙ ሀብት አላቸው። የድሬን ወንዝ ደቻቱን ውሰዱ። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች ይለያል፣ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው። እዚያ ሲዘንብ፣ እታች ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ሲጫወቱ አሳይቶ «በጋራው በኩል ጠቁሯል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ለድሬ አንባቢ ሌላ ምንም መጨመር አይኖርበትም። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አንባቢው ያንን ይዞ ነው የሚያነበው። ጎንደር ያለው አንባቢ ግን ዓረፍተ ነገሩን እንደ ተራ የአየር ሁኔታ ያልፈዋል። ለእሱ ቀደም ብሎ፣ ምዕራፍ ሁለት አካባቢ፣ አንዲት እናት ስለ ውሃው አመጣጥ በወሬ መሀል ጣል ቢያደርጉለት በኋላ ያ ደመና ይሠራለታል። ንግር የሚባለው ይህ ነው። ደግሞ አደራ፣ ይህን ጎርፍ ለማስጨነቂያ ብቻ አታንሱት። ልጁን ያጣ ሰው ሊያነበው ይችላል። የሚነሳ ከሆነ በክብር ይነሳ።

ሐረር ሌላ ነው። አሮጌውን ከተማ የከበበው ግንብ ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። የምታመልጥ ሴት ብትኖር ጸሐፊው በሮቹን አንድ በአንድ ይዘጋባታል። ሸዋ በር ላይ ሰው ቆሟል። ኤረር በር ላይ የሚያውቃት ነጋዴ አለ። እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ መውጫ ይወስዳል። ጠባቧ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣን ሰው ግድግዳ ታክኮ ማሳለፍ ግድ ነው፣ ፊትም አይደበቅም። ጅብ ግን አታምጡ። ከውጭ የመጣ እንግዳ በጅብ ይፈራ ይሆናል፣ ማታ ማታ ሰው ጅብ ሲመግብ እያየ ያደገ የሐረር ሰው ግን ምንም አይመስለው። እሱን የሚያስፈራው ጅቦቹ ሳይመጡ የቀሩበት ሌሊት ነው።

ሰዓትም ይረዳል። ቀነ ገደብ ያለው ታሪክ ይፈጥናል። የአወዳይ ጫት የጫነ መኪና ሳይጠወልግበት ድሬ መድረስ አለበት። ሹፌሩ ወደ ድሬ የሚወርደውን የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ለምን እንደሚከንፍበት ማብራራት አያሻም። ፍሬኑ ችግር እንዳለበት አንባቢው ብቻ ቢያውቅ በቂ ነው።

አንድ ነገር በጣም አጥብቄ የምለው አለ። መጨረሻውን ሳታውቁ አትጀምሩ። ልብ ሰቅሎ ማውረድ ያቃተው መጽሐፍ አንባቢን ያስቀይማል፣ ሁለተኛም አያምናችሁም። አጋጣሚ ነጂብን ችግር ውስጥ ቢከተው እንቀበላለን። ያ ሰው የእሱን ባጃጅ መምረጡ ራሱ አጋጣሚ ነው። አጋጣሚ ሲያወጣው ግን አንቀበልም። የሚያድነው ነገር ቀድሞ የተቀመጠ መሆን አለበት። ለምሳሌ ሀናን ሆስፒታሉ በር ላይ ስትጠብቀው ወንድሟን ለማሾፍ ባጃጁን በስልኳ ቀርጻ ከሆነና የተሳፋሪው ፊት እዚያ ውስጥ ከገባ፣ ያኔ ልቀቱ፣ የተሰቀለው ልብ የሚወርድበት መፍትሔ፣ ከታሪኩ ውስጥ ወጣ ማለት ነው። ያን ቀረጻ እንደ ቀልድ አሳይተን ካለፍነው ደግሞ አንባቢው አይቶታል፣ ረስቶታልም።

ረቂቁ ሲያልቅ ለማያዝንላችሁ ሰው አስነብቡት። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብላችሁ አትጠይቁት። የትኛው ገጽ ላይ አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ እንደተነሳ ብቻ ጠይቁት። ከዚያ ያንን ገጽ አውጡና ተመልከቱ። እዚያ ቦታ ላይ አንባቢው የሚጠብቀው መልስ የቱ ነበር? ከሌለ፣ ሁለት ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ተመለሱና ጥያቄውን እዚያ ትከሉት።